በአክሪንግተን የቅዳሜ ጨዋታ



ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብሁት ስለ እግር ኳስ ነው። ይሁን እንጂ ስለ አርሰናል ወይም ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ የምናገር አይምሰላችሁ። የእነዚያን ቡድኖች አሰላለፍ፣ የተጫዋቾቻቸውን የጕልበት ሕመም ሳይቀር፣ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ሰኞ ጧት በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር የሚሰማው ክርክር ለዚህ ምስክር ነው። እኔ የምነግራችሁ ከታላላቆቹ በታች በሦስተኛውና በአራተኛው ደረጃ ስለሚገኘው፣ በቴሌቪዥን ስለማታዩት የእንግሊዝ እግር ኳስ ነው። ለዚህም አንድ ምሳሌ መርጫለሁ፤ እርሱም አክሪንግተን ስታንሊ የተባለው የኳስ ማኅበር ነው። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን እንደ እኛ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

ከእናንተ መካከል ለትምህርት፣ ለሥራ ልምምድ ወይም ለስብሰባ ወደ እንግሊዝ አገር የሚላክ ሰው አይጠፋም። ስብሰባው ዓርብ ያልቃል፤ አውሮፕላኑ እሑድ ማታ ይነሣል፤ በመካከሉ ያለው ቅዳሜ ባዶ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቅዳሜ የደረሰው እንግዳ ብዙውን ጊዜ ከሱቅ ወደ ሱቅ ሲዞር ይውላል፤ ኳስ ወዳድ የሆነ እንደ ሆነም የታላላቆቹ ቡድኖች ቲኬት አስቀድሞ ተሽጦ ስለሚያልቅ ስታዲዮሙን ከውጭ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል። እኔ ግን ሌላ ነገር እመክራችኋለሁ። በማንቸስተር አካባቢ ከሆናችሁ ከቪክቶሪያ ጣቢያ ወደ ሰሜን የሚሄደውን ባቡር ተሳፈሩ። በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ አክሪንግተን ያደርሳችኋል።

ወደ ከተማይቱ ከመግባታችን በፊት የሊጉን አወቃቀር ባጭሩ ላስረዳ። ከሁሉ በላይ ያለው ፕሪሚየር ሊግ 20 ቡድኖች አሉት። ከእርሱ በታች ቻምፒዮንሺፕ፣ ሊግ ዋንና ሊግ ቱ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉ፤ በእያንዳንዳቸው 24 ቡድኖች ስለሚጫወቱ ጠቅላላ ድምሩ 92 ይሆናል። ሊግ ዋን የሚለው ስም እንግዳውን ሰው ያሳስታል፤ አንደኛ ይባል እንጂ በማዕርግ ሦስተኛ ነው። በመሥሪያ ቤትም የሹመቱ ስምና የሥራው መጠን የማይገጥሙበት ጊዜ ስላለ ይህ ለእናንተ እንግዳ ነገር አይሆንም። ከ92ቱ በታች ናሽናል ሊግ ይከተላል፤ ከዚያም በታች ደረጃው እስከ መንደር ቡድን ድረስ ይወርዳል። በየዓመቱ ያሸነፈው ይወጣል፤ የተሸነፈውም ይወርዳል።

አክሪንግተን በላንካሻየር ውስጥ በብላክበርንና በበርንሊ ከተሞች መካከል ያለች፣ 35 ሺህ ያህል ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት እንጀራዋ የጥጥ ሥራ ነበረ፤ የጥጥ መፍተያ መኪናም ትሠራ ነበር። ቀይ ጡቧ ደግሞ በጥንካሬው ዝነኛ ነው። ጡቡ ኖሪ ይባላል፤ ይህም በእንግሊዝኛ ብረት ማለት የሆነው ቃል ፊደሎቹ ከኋላ ወደ ፊት ሲነበቡ የሚገኝ ስም ነው። የፈትሉ ዘመን አልፏል። ጡቡ ግን በየቤቱ ግድግዳ ላይ እስከ ዛሬ አለ፤ በዝናብ ጊዜ ከተማይቱን ሁሉ ጥቍር ቀይ ያስመስላታል፤ ዝናብ ደግሞ በላንካሻየር ብርቅ አይደለም።

ከጣቢያው ወጥታችሁ ዌሊ ሮድ የተባለውን ጎዳና ይዛችሁ ወደ ሰሜን ሃያ ደቂቃ ያህል ትወጣላችሁ። መንገድ መጠየቅ አያስፈልግም። ቀይ ሻርፕ በአንገታቸው የጠመጠሙ ሰዎች ከየስርቻው ብቅ እያሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ አያት የልጅ ልጁን እጅ ይዞ፣ ሚስት ከባልዋ ጋራ፣ አንዳንዱም ሽማግሌ ብቻውን ዱላውን ተመርኵዞ። እነርሱን መከተል ነው። ደግሞም ታያላችሁ፤ አብዛኞቹ መንገድ ላይ በስም ይጠራራሉ።

ጨዋታው የሚጀመረው ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት ታሪክ አለው። በ1850 የወጣው የፋብሪካ ሕግ ሴቶችና ወጣቶች ሠራተኞች ቅዳሜ በ8 ሰዓት ሥራ እንዲያቆሙ አዘዘ፤ ያለ እነርሱ የፈትል መኪናው በደንብ አይሄድምና ውሎ አድሮ ወንዶቹም የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዕረፍት አገኙ። በ8 ሰዓት ከፋብሪካ የወጣ ሰው ፊቱን ታጥቦ፣ አንድ ነገር ቀምሶ ኳስ ሜዳ ሊደርስ የሚችለው በ9 ሰዓት ነው። ፋብሪካው ጠፍቶ ሰዓቱ ቀርቷል።

በዚህ ሰዓት ላይ ሌላም ደንብ ተጨምሮበታል። በ1960ዎቹ የጎረቤቲቱ የበርንሊ ቡድን ሊቀ መንበር የነበረው ቦብ ሎርድ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ከሆነ ሕዝቡ ከምድጃው አጠገብ አይነሣም፣ የትንንሾቹም ቡድኖች ሜዳ ባዶውን ይቀራል ብሎ ሌሎቹን የማኅበር ሹማምንት አሳመነ። ከዚያን ጊዜ የመጣው ልማድ ዛሬም ጸንቶ በብሪታንያ ውስጥ ቅዳሜ ከ8 ሰዓት ከ45 እስከ 11 ሰዓት ከሩብ የእግር ኳስ ጨዋታ በቀጥታ አይተላለፍም። ከዚህ የተነሣ አንድ የሚያስገርም ነገር ይታያል። በዚያው ሰዓት የሚደረገውን የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ እናንተ አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ በሳተላይት ስታዩት፣ በዚያው አገር የሚኖረው የአክሪንግተን ሰው ከቤቱ ሆኖ ሊያየው አይችልም። ስለዚህ ካፖርቱን ደርቦ ይወጣል። እኔ የስርጭት ሠራተኛ እንደ መሆኔ ስርጭት የሚከለክል ደንብ ማመስገን አያምርብኝ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ይህ ደንብ የሚጠቅመው ማንን እንደ ሆነ ሜዳው ደርሶ ያየ ሰው ለመፍረድ አይቸገርም።

ሜዳው ክራውን ግራውንድ ይባላል። ማስታወቂያ የሚያወጡ ድርጅቶች ገንዘብ ከፍለው ስሙን በየጊዜው ቢለዋውጡትም ሕዝቡ የሚያውቀው በዚህ ስም ነው። የሚይዘው ሰው ከ5 ሺህ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ዘወትር የሚመጣው ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሺህ ይሆናል። በማንቸስተር ያለው ኦልድ ትራፎርድ 74 ሺህ ያህል ሰው መያዙን ስታስቡ ልዩነቱ ይገባችኋል። በአጥሩ ላይ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ የብረት ተሽከርካሪ በር አለ፤ በእርሱ ስትገቡ ትከሻችሁን ማጥበብ አለባችሁ። ቀድሞ የዕለቱ ጨዋታ ፕሮግራም የሚባል ትንሽ መጽሔት በእያንዳንዱ ሜዳ በር ላይ ይሸጥ ነበር። በ2018 የሊጉ ማኅበሮች የማተሙን ግዴታ በድምፅ ብልጫ ስላስቀሩት አንዳንዶቹ ትተውታል። በደረሳችሁበት ሜዳ ካገኛችሁት ግዙት፤ የተጫዋቾቹን ስም ብቻ ሳይሆን ባለፈው ሳምንት የሞተውን የአሮጌ ደጋፊ ስም ጭምር ታገኙበታላችሁ።

ምግብን በተመለከተ ፓይ የሚባል፣ ሥጋ በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ ትኵስ ነገር ይሸጣል፤ ቦቭሪል የሚባል ከበሬ ሥጋ ጭማቂ የሚዘጋጅ ትኵስ መጠጥም አለ፤ ጣዕሙ የሚገባው በብርድ ቀን ብቻ ነው። በላንካሻየር ደግሞ የቅቤ ፓይ የሚሉት አላቸው፤ ድንችና ሽንኵርት ብቻ ያለበት ሲሆን፣ የጥንት ካቶሊኮች ዓርብ ሥጋ ስለማይበሉ ለእነርሱ የተበጀ ነው ይባላል። በስሙ እንደምትረዱት ለእኛ ጾመኛ አይሆንም።

አሁን ሰው ወደሚቆምበት ቦታ እንሂድ። በአዲስ አበባ ስታዲዮም ጥላ ፎቅ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ እያልን እንደምንለይ ሁሉ እነርሱም ለየወገኑ ስም አላቸው። ከግቡ በስተጀርባ ያለው የባለ ሜዳዎቹ ደጋፊዎች ቦታ ጣሪያ አለው። በተቃራኒው በኩል ለእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች የተሰጠው ቦታ ግን ጣሪያ የሌለው የሲሚንቶ ደረጃ ነው፤ ስሙም ከበስተጀርባው ካለው ኮፒስ ከተባለው ኮረብታ የተወሰደ ነው። ዝናብ ሲመጣ እንግዶቹ ይረጥባሉ፤ ባለ ሜዳዎቹም ከጣሪያቸው በታች ሆነው በዜማ ይቀልዱባቸዋል። የእንግዳ አቀባበሉ ከእኛ ባህል ጋራ አይስማማም፤ የሆነ ሆኖ ማንም አይቀየምም።

ቆሞ ማየት ዛሬ በትንንሾቹ ሜዳዎች የቀረበት ምክንያት ከባድ ስለ ሆነ በዚህ ላይ ጥቂት ልቈይ። በሚያዝያ ወር 1989 በሼፊልድ ከተማ በሂልስቦሮ ሜዳ የሊቨርፑል ደጋፊዎች በመቆሚያው ውስጥ ተጨናንቀው 97 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርመራ መሠረት በሁለቱ የላይኛ ደረጃዎች ያሉ ሜዳዎች ሁሉ መቀመጫ ብቻ እንዲኖራቸው ተወሰነ፤ ከታች ያሉት ግን መቆሚያቸውን እንዲያቆዩ ተፈቀደላቸው። በላይኞቹም ቢሆን በልዩ ፈቃድ መቆም የተጀመረው ከ2022 ወዲህ ነው።

ከሂልስቦሮ በፊት ደግሞ የብራድፎርድ እሳት ነበረ። ግንቦት 1985 የብራድፎርድ ሲቲ ቡድን የሦስተኛውን ደረጃ ዋንጫ የተቀበለበት ቀን ነበር፤ ሕዝቡም ደስታውን ለማየት ወጥቶ ነበር። የእንጨቱ ጥላ ፎቅ ሥር ለብዙ ዓመታት የተከማቸ ወረቀትና ቈሻሻ ነበረ። በእርሱ ላይ እሳት ወደቀ፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥም ጥላ ፎቁ በሙሉ ነደደ፤ 56 ሰዎች ሞቱ። ለእናንተ ለቢሮ ሰዎች ልብ እንድትሉት የምፈልገው ነገር ይህ ነው፤ ከአደጋው አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በዚያ ጥላ ፎቅ ሥር የተከማቸው ቈሻሻ በአንድ በተጣለ ሲጋራ ሊቀጣጠል እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ከአውራጃው አስተዳደር ለማኅበሩ ተጽፎ ነበር። ደብዳቤው ደርሶ ነበር፤ ቈሻሻው ግን አልተነሣም።

ስለዚህ በአክሪንግተን ቢጫ ካፖርት የለበሱ ሥርዓት አስከባሪዎች መውጫውን እንዳትዘጉ ሲነግሯችሁ አትቈጡ። በሰገነቱ ላይ ሜዳውን እያዩ ቢራ መጠጣትም በ1985 በወጣ ሕግ የተከለከለ ነው። ሕጉ የወጣው በረብሻ ምክንያት ነው እንጂ በእሳቱ አይደለም፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ኳስ ምን ያህል ታምሞ እንደ ነበር ያሳያል።

ወደ ማኅበሩ ታሪክ ልለፍ። በ1888 የእንግሊዝ ሊግ በ12 ቡድኖች ሲመሠረት ከአሥራ ሁለቱ አንዱ አክሪንግተን ይባል ነበር። ያ ቡድን ግን በ1893 ከሊጉ ወጥቶ ጥቂት ዓመት ቈይቶ ፈረሰ። አሁን የምንናገርለት ሌላው ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከስታንሊ ጎዳና ነው። ይህ ስታንሊ በ1921 ሊግ ገብቶ አርባ ዓመት ያህል በታችኞቹ ደረጃዎች ተጫወተ። ከዚያም ዕዳ በላዩ ተከመረ። መጋቢት 1962፣ የጨዋታው ዘመን ገና ሳያልቅ፣ ሹማምንቱ መቀጠል አንችልም ብለው ለሊጉ የስንብት ደብዳቤ ጻፉ። ጥቂት ቀን ቈይተው ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ያገኙ ስለ መሰላቸው ደብዳቤያችን ይመለስልን ብለው ለመኑ። የሊጉ ዋና ጸሐፊ አለን ሃርዳከር የመጀመሪያው ደብዳቤ ተቀባይነት አግኝቷል ብሎ እንቢ አለ። በዚያ ዓመት የተጫወቱት ጨዋታ ሁሉ ከመዝገብ ተሠረዘ፤ እንዳልነበረም ሆነ። በቦታቸው ኦክስፎርድ ዩናይትድ የተባለ ቡድን ገባ። ስታንሊ ከሊጉ ውጭ ጥቂት ተንገዳግዶ በ1966 ፈጽሞ ተዘጋ።

ጸሐፊው ተሳስቷል ወይስ ልክ ነው የሚለውን ክርክር በአካባቢው ሽማግሌ ፊት ባታነሡት ይሻላል። እኔ እንደሚመስለኝ ደንቡን በጥሬው አይቶ የወሰነ ነው፤ ደንብን በጥሬው ማየት ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከሰው ዕዳ ያስገባል።

በ1968 የከተማይቱ ሰዎች ተሰብስበው ማኅበሩን እንደ ገና አቋቋሙት። አሮጌው ሜዳቸው ፒል ፓርክ ስላልተመለሰላቸው በዚህ በክራውን ግራውንድ ጀመሩ። ከታች፣ ማንም ጋዜጣ ከማይጽፍለት ደረጃ ተነሥተው አንድ አንድ እያሉ ወጡ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በሚታይ የወተት ማስታወቂያ ውስጥ ሁለት ልጆች ሲነጋገሩ የስታንሊ ስም ይነሣና አንዱ ልጅ እነማን ናቸው ብሎ ይጠይቃል፤ አገሩ ሁሉ ሣቀ። የማይታወቅ ቡድን ማለት ስታንሊ ነው ማለት ሆነ። የሆነ ሆኖ በ2006 ስታንሊ ከ44 ዓመት በኋላ ወደ ሊጉ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ከሊጉ ከወረዱት ሁለት ቡድኖች አንዱ ማን እንደ ነበረ ብነግራችሁ ልብ ወለድ ታሪክ ይመስላችኋል፤ በ1962 ቦታቸውን የወሰደው ኦክስፎርድ ዩናይትድ ነበር። በ2018 ስታንሊ የሊግ ቱ አሸናፊ ሆኖ ወደ ሊግ ዋን ወጣ፤ በ2023 ተመልሶ ወረደ።

ስለ ጨዋታው ራሱ ብዙ አልናገርም። ኳሱ በአየር ላይ የሚቈይበት ጊዜ መሬት ላይ ከሚቈይበት አንዳንድ ጊዜ ይበልጣል፤ በክረምት ሜዳው ጭቃ ሲሆን ጨዋታውም ጭቃ ይሆናል። በቴሌቪዥን የማይገኝ ነገር ግን አለው፤ እርሱም ድምፁ ነው። ከሜዳው ዳር አምስት እርምጃ ያህል ርቃችሁ ስለምትቆሙ በረኛው ተከላካዮቹን ሲጣራ፣ ኳሱ ከጭንቅላት ጋራ ሲጋጭ፣ ዳኛው ለተጫዋች ሲመልስ ሁሉን ትሰማላችሁ። ከአጠገባችሁ ያለው ሽማግሌም በግራ ክንፍ የሚጫወተውን ልጅ ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው ሲወቅሰው ትሰማላችሁ፤ ልጁም ይሰማዋል፤ አንዳንዴ ዞሮ ያየዋል። ከእነዚህ ተጫዋቾች ብዙዎቹ ገና በልጅነታቸው በታላላቆቹ ማኅበሮች ሠልጥነው አይበቃችሁም ተብለው የተሰናበቱ ናቸው፤ ውላቸውም አጭር ነው፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ጨዋታ ላይ የቤት ኪራያቸው አብሮ ይጫወታል። አንዳንዱ ከዚህ ይወጣል። በ2016 ከሌስተር ሲቲ ጋራ የፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ያነሣው ጄሚ ቫርዲ ከአራት ዓመት በፊት ከሊጉ ውጭ፣ በዚሁ በላንካሻየር በፍሊትውድ ከተማ ቡድን ሲጫወት ነበር። አብዛኞቹ ግን አይወጡም።

ወደ ገንዘቡ ነገር ልምጣ፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ ነውና። ለታላላቆቹ የበር ገንዘብ ከገቢያቸው ጥቂቱ ነው፤ ዋናው የሚመጣው ከቴሌቪዥን ነው። ለትንንሾቹ ግን በተሽከርካሪው በር የገባው ሰው ቍጥር የወሩን ደመወዝ መክፈልና አለመክፈል ይወስናል። አንድ ቅዳሜ ዝናብ በዝቶ ዳኛው ሜዳው አያጫውትም ቢል የተገዛው ፓይ ሁሉ ይበላሻል፤ ወጪው ሳይቀር ገቢው ይቀራል።

ይህ ሒሳብ ሳይመጣጠን ሲቀር ምን እንደሚሆን ለማወቅ ከአክሪንግተን በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደምትርቀው ወደ በሪ ከተማ መሄድ ነው። የበሪ ቡድን በ1885 የተመሠረተ፣ በ1900 እና በ1903 ኤፍ ኤ ካፕ የተባለውን የአገሪቱን ዋንጫ የወሰደ ነው፤ በ1903ቱ ፍጻሜ ያሸነፈው 6 ለ 0 ነበር። በ2018 መጨረሻ ማኅበሩ በ1 ፓውንድ ተሸጠ። እኔ አንድ ፓውንድ ያልሁት ተሳስቼ አይደለም፤ ገዢው ዕዳውን ጭምር መረከቡ ነበር። በ2019 ጸደይ ተጫዋቾቹ ደመወዛቸው ሳይከፈል ተጫውተው ቡድኑን ወደ ሊግ ዋን አወጡት። ያን ማዕርግ ግን አንድም ቀን አልተጫወቱበትም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሌላ ገዢ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ደጋፊዎቹ መጥረጊያና ባልዲ ይዘው መጥተው ሜዳውን ጠረጉ፣ መቀመጫውን አጠቡ፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ጨዋታ እንዲዘጋጅ ብለው ነው። ገዢው ሳይመጣ ቀረ፤ ነሐሴ 27 ቀን ሊጉ በሪን ከአባልነት ሠረዘ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሳይሆን ከተማው ራሱ ነው መልሶ ያነሣው፤ በ2023 የተከፋፈሉት ደጋፊዎች በድምፅ ተስማምተው በአሮጌው ሜዳቸው ከታች ደረጃ እንደ ገና ጀመሩ።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ መዳኛው ከላይ ይመጣል። ኤክሰተር ሲቲ ከ2003 ጀምሮ በደጋፊዎቹ ማኅበር እጅ ያለ ቡድን ነው። በጥር 2005 ከሊጉ ወጥቶ ዕዳ ተሸክሞ ሳለ በኤፍ ኤ ካፕ ወደ ኦልድ ትራፎርድ ሄዶ ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋራ 0 ለ 0 ወጣ። ስለዚህ ጨዋታው በኤክሰተር ሜዳ ተደገመ፤ በድጋሚው 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ ነገር ግን በዚህ ውድድር የበር ገንዘብ ለሁለቱም ስለሚካፈል የሁለቱ ጨዋታ ገቢ ዕዳውን ለማቃለል በእጅጉ ረዳው። ከ2024 ወዲህ ግን የታላላቆቹ ተጫዋቾች ድካም በዝቷል ተብሎ በዋናው ውድድር ድጋሚ ጨዋታ ቀርቷል። ስታንሊ በጥር 2025 በዚሁ ዋንጫ አንፊልድ ሄዶ በሊቨርፑል 4 ለ 0 ተሸነፈ፤ ከእናንተ ብዙዎች ያን ጨዋታ ሳታዩት አትቀሩም። እኩል ቢወጣም ኖሮ ሊቨርፑል ወደ ክራውን ግራውንድ አይመጣም ነበር፤ በዚያው ቀን በፍጹም ቅጣት ምት ይለያዩ ነበር። እኔ በዚህ አዲስ ደንብ አልስማማም። ለታላቁ ቡድን አንድ ማታ ማረፊያ ይሆነዋል፤ ለትንሹ ግን የዓመት እንጀራው ነው።

የእንግሊዝ መንግሥትም ነገሩን አይቶ በሐምሌ 2025 የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት ከፕሪሚየር ሊግ እስከ ናሽናል ሊግ ያሉ ማኅበሮች ሁሉ ከአንድ ነጻ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማግኘት አለባቸው፤ ገዢ ሆኖ የሚመጣውም ሰው ጠባዩና የገንዘቡ ምንጭ ይመረመራል። እንግሊዞች ለረጅም ዘመን ኳስ የመንግሥት ሥራ አይደለም ሲሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ በዚህ ረገድ ሐሳባቸውን ያስለወጠው አንዱ ምክንያት የበሪ ነገር ነበር። ለደንብ ሥራ ቅርብ የሆናችሁ ሁሉ ይህ መሥሪያ ቤት ምን እንደሚሠራ ብትከታተሉት መልካም ነው። ፈቃድ መስጠት ቀላል ነው፤ ዕዳ ውስጥ ለገባ ለአንድ የከተማ ማኅበር ፈቃድ መከልከል ግን ደጋፊዎቹ ፊት ቆሞ የሚደረግ ነገር ነውና መሥሪያ ቤቱ የሚፈተነው ያን ቀን ነው።

ጨዋታው በ11 ሰዓት ገደማ ያልቃል። በዚያ ሰዓት የእንግሊዝ ሬዲዮ የዕለቱን ውጤት ከላይ እስከ ታች በየተራ ያነባል። ከ1974 እስከ 2013 ይህን ሲያነብ የኖረው ጄምስ አለግዛንደር ጎርደን የሚባል ሰው ነበር፤ የሁለተኛውን ቡድን ስም ሲጠራ ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ በማድረጉ ብቻ ሰሚው ቍጥሩ ሳይነገር ያሸነፈውን ያውቅ ነበር። በሙያችን ውስጥ ያለን ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንቀናበት ችሎታ ነው። በ2022 ይህን ንባብ ለማስቀረት ቢሞከር አድማጩ አጕረመረመና ተመለሰ። ስታንሊም በዚያ ዝርዝር ውስጥ ስሙ ይጠራል፤ የሚሰጠው ጊዜ ለአርሰናል ከሚሰጠው አያንስም።

ወደ ማንቸስተር የሚመለሰው ባቡር የሚያልፈው በሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ብዙ አትቈዩ፤ ቍልቍለቱ ላይም ሰው ይበዛል። በኅዳርና በታኅሣሥ ወር ከሆነ በዚያ ሰዓት ጨልሞ ይጠብቃችኋልና ወፍራም ካፖርት መያዝ አትርሱ። ደኅና አምሹ።